የሚጮህ ፓምፕ፣ የሚንሸራተት ሲሊንደር፦ የሃይድሮሊክ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የዘይት መጠን ሳያይ ሞተር ለማያስነሳ፣ የላላ ቡሎን ለሚያጠብቅ፣ ፊልትሮ በጊዜው ለሚቀይር ሰው ነው። እነዚህን ሳያደርግ «ማሽኑ ጉልበት አጣ» የሚል ካለ መጀመሪያ ታንኩን ይክፈትና ይመልከት።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይጥራ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ፓምፕ ግፊት አይሠራም። ሥራው ከታንክ ዘይት ስቦ ወደፊት መግፋት ብቻ ነው። ግፊት የሚመጣው የተገፋው ዘይት ከፊቱ የሚቋቋመው ነገር ሲያገኝ ነው፦ ጭነት፣ የተዘጋ ቫልቭ፣ ጠባብ መንገድ። መንገዱ እስከ ታንኩ ድረስ ክፍት ከሆነ እጅግ ጤነኛ ፓምፕም ቢሆን መለኪያው ላይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በታፈነ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በየአቅጣጫው እኩል ይደርሳል። ስለዚህ 100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ያለው ዘይት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን ሥር ሲገባ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ጭነት ይሸከማል። ዘይቱ ከታንክ ተነስቶ በፓምፑ ያልፋል፤ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ሪሊፍ ቫልቭ ወደ ታንክ ያፈስሰዋል፤ ኮንትሮል ቫልቭ ወደየት እንደሚሄድ ይወስንለታል፤ ሲሊንደሩን ወይም የሃይድሮሊክ ሞተሩን አንቀሳቅሶ በፊልትሮ በኩል ይመለሳል። የእኛ ሥራ በዚህ ጉዞ ውስጥ የት ላይ እንደተሰናከለ ማግኘት ነው።

ፓምፑ ይጮሃል

እጄ ላይ ከወደቁት ማሽኖች የሚበዙት ይህን ይዘው የመጡ ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ አዲስ ፓምፕ ተገዝቶላቸው ነው የመጡት። አዲሱም መጮህ ሲጀምር ባለቤቱ «አስመስለው የሠሩትን ሸጡልኝ» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ሞልቷል። ነገር ግን አሮጌውን ፓምፕ የገደለው ነገር መሳቢያው መስመር (ዘይት ከታንክ ወደ ፓምፑ የሚሳብበት) ላይ ቁጭ ብሎ አዲሱን ይጠብቅ ነበር።

ጩኸቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጆሮ ከለመደ ይለየዋል። አንደኛው ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ነው። ይህ ፓምፑ ዘይት ተርቦ ነው። መሳቢያው ሲጠብ በፓምፑ መግቢያ ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል። የማዕድን ዘይት በተለመደው የአየር ግፊት ከመጠኑ 9 በመቶ ገደማ የሚሆን አየር አሟሙቶ ይይዛል፤ አየሩ ሟሙቶ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ግፊቱ ሲወርድ ግን አረፋ ሆኖ ይወጣል፣ ሲብስም ዘይቱ ራሱ ይተንናል። አረፋዎቹ ወደ ግፊቱ ጎን ሲደርሱ በቅጽበት ይፈርሳሉ፤ በፈረሱ ቁጥርም ብረቱን ይፈለፍሉታል። ፓምፑ ሲፈታ ውስጡ ብል የበላው እንጨት የሚመስለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ጠጠር የተጨመረበት ቆርቆሮ ሲናወጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ይህ ደግሞ አየር ከውጭ እየገባ ነው። ታንኩ ሲከፈት ዘይቱ አረፋ ደፍቆ ከታየ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ከተራበው ፓምፕ ልጀምር። አንድ ሎደር ፓምፑ ሦስት ጊዜ ተቀይሮ አራተኛው ሊገዛለት ሲል አየሁት። ጠዋት ደህና ይነሳል፣ ዘይቱ ሲሞቅ መጮህ ይጀምራል። ታንኩ ንጹሕ፣ ወንፊቱ ንጹሕ፣ መሳቢያ ቱቦውም ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል። በፓምፑ መግቢያ ላይ የመሳብ ግፊት መለኪያ (ቫኩም ጌጅ) አሰርኩ፤ መርፌው ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ወደ ታች ይወርድ ነበር። ቱቦውን አውጥቼ በርዝመቱ በምላጭ ሰነጠቅሁት። የውስጥ ሽፋኑ ከግድግዳው ተላቅቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ማሽኑ ቆሞ ሲታይ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሲስብ ያ ምላስ ይነሳና ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ሦስት ፓምፕ የጠፋው በአንድ ቱቦ ነው። ያም ቱቦ ለመሳቢያ የተሠራ አልነበረም፤ የሽቦ ጥምጥም የሌለው የመመለሻ ቱቦ ነበር። የውፍረቱ ልክ ስለገጠመ ብቻ ቱቦ ሁሉ አንድ አይደለም! የመሳቢያ ቱቦ ወደ ውስጥ እንዳይጨፈለቅ በውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ ሊኖረው ይገባል።

ስለ መለኪያው አንድ ቃል፦ አብዛኞቹ የጥርስ ፓምፖች በመግቢያቸው ላይ ከአየር ግፊት በታች 0.2 ወይም 0.3 ባር ድረስ ይታገሣሉ። ከዚያ በላይ ከወረደ ፓምፑን ሳይሆን ከፓምፑ በፊት ያለውን ፈልጉ።

ሌላው የማልረሳው ለሩብ ሰዓት በደንብ ሠርቶ የሚጮህ፣ ጠፍቶ ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ ማሽን ነው። ባለሙያዎች ተፈራርቀውበታል፤ «ሙቀት ነው» ያለም ነበር። ታንኩን ስናፈስሰው ከሥሩ አንድ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ወጣ። ፓምፑ ሲስብ ጨርቁ ሄዶ መሳቢያው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ሲጠፋ ይለቅቅና ይንሳፈፋል። ታንኩን ያጸዳ ሰው ረስቶት የሄደ ነው። የሃይድሮሊክ ታንክ በጨርቅ አይወለወልም፤ ጨርቁ ባይረሳ እንኳ ክሩ ይቀራል።

በረሃብ በኩል የቀሩት ፈጥነው የሚታዩ ናቸው። በታንኩ ውስጥ ያለው የመሳቢያ ወንፊት በጥቀርሻ መሞላት (ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም)፣ የታንኩ መተንፈሻ በአቧራ መደፈን፣ በብርድ ዘይቱ መወፈር፣ ከጥገና በኋላ ሳይከፈት የቀረ የመሳቢያ ቫልቭ። መተንፈሻውን ለመፈተን ማሽኑ እየሠራ የታንኩን ክዳን ላላ አድርጉ፤ አየር እየሳበ «ፉሽ» ካለና ጩኸቱ ከቀነሰ መተንፈሻው ነው።

አሁን ወደ አየሩ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው፦ «የሚንጠባጠብ ዘይት የለም፤ ስለዚህ ቀዳዳ የለም» ይላል። በግፊቱ መስመር ላይ ይህ ልክ ነው። በመሳቢያው መስመር ላይ ግን ውስጡ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ስላለው፣ ማሽኑ ሲሠራ ቀዳዳው አየር ያስገባል እንጂ ዘይት አያወጣም። ፍጹም ደረቅ የሆነ መጋጠሚያ አየር ሲጠጣ ሊውል ይችላል።

ቀዳዳውን የማገኝበት ዘዴ ቀላል ነው። ፓምፑ እየጮኸ በመሳቢያው መስመር ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች፣ ማሰሪያዎችና የፓምፑን መግቢያ አንድ በአንድ ግራሶ ወይም ወፍራም ዘይት እቀባለሁ። የተቀባው ቦታ ቀዳዳው ከሆነ ድምፁ ወዲያው ይለወጣል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም መቀባት ግን ዋጋ የለውም፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የሚሽከረከር ዘንግ ወይም ቺንጋ አጠገብ እጅ አይግባ፣ እጅጌም ይጠቅለል። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የፓምፑ ዘንግ መውጫ ላይ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ነው። እርሱ ሲያልቅ ያለ አንዲት ጠብታ አየር ይስባል። ከእርሱ ቀጥሎ የመመለሻ ቱቦው ጫፍ ነው፤ ከዘይቱ ወለል በላይ ከሆነ ዘይቱ እንደ ፏፏቴ እየወረደ ራሱ አየር ይቀላቅላል።

መጋጠሚያ ሲጠብቅ ደግሞ ቴፍሎን አትጠምጥሙ። ብጣሹ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው መጋጠሚያ የሚዘጋውም በኦሪንግ (በክብ የጎማ ቀለበት) ወይም በመቀመጫው እንጂ በጥርሱ አይደለም። ከኮንትሮል ቫልቭ ውስጥ የቴፍሎን ክር በመቆንጠጫ ያወጣሁበትን ቀን ቁጥር አላውቀውም።

ፓምፑ በእውነት ካለቀና መቀየር ግድ ከሆነ፣ አዲሱ የፒስተን ፓምፕ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት የፓምፑን ቤት (የብረት ቀፎውን) በንጹሕ ዘይት ሙሉት። በመግጠም ሁለት ቀን ፈጅቶ በደረቁ አስነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ የቀበረው ሰው አይቻለሁ። የፓምፑ ዋስትናም አብሮ ተቀበረ።

ጉልበት ያንሰዋል፣ ዘይቱም ይግላል

ሁለቱ አብረው ከመጡ ዘይቱ ሥራ ሳይሠራ ወደ ታንክ እየተመለሰ ነው። ያለ ሥራ ከግፊት የወረደ ዘይት ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ባሩን በደቂቃ ሊትር አባዝቶ ለ600 ማካፈል ኪሎ ዋት ይሰጣል። በደቂቃ 40 ሊትር በ180 ባር በሪሊፍ ቫልቩ ሲፈስ 12 ኪሎ ዋት ምድጃ ታንኩ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ዘይቱ ከ82 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ የብዙዎቹ ጎሚኒዎች (የዘይት ማገጃ ጎማዎች) ዕድሜ ያጥራል፣ ዘይቱም ይቃጠላል።

የሙቀት መለኪያ ይዛችሁ ቫልቮቹን ዙሩ። ከሌላው ለይቶ የጋለው የመመለሻ መስመር ዘይቱ የሚያመልጥበት ነው። ሪሊፍ ቫልቩ ከሆነ ፈታችሁ መቀመጫውን እዩት፤ ብዙ ጊዜ አንዲት የብረት ቅንጣት ከፍታው ትገኛለች። የፒስተን ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ከቤቱ የሚወጣውን ፍሳሽ በዕቃ ለኩ፤ አምራቹ ከጻፈው እጅግ ከበለጠ ፓምፑ ውስጥ ለውስጥ እያመለጠው ነው።

ሪሊፍ ቫልቩን «ትንሽ ልጨምርለት» ብሎ ያለ መለኪያ ማጥበቅ ግን ጥገና አይባልም። ከልኩ በላይ የወጣ ግፊት ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይፈነዳል፤ ደካማው ቦታ ቱቦው ሊሆን ይችላል፣ አጠገቡ የቆመው ሰውም አብሮ ይመታል። የፓምፑን መውጫ ከሪሊፍ ቫልቩ በፊት ደፍኖ «ጉልበቱን ልየው» የሚልም አለ። ይህን አታድርጉ።

ቀጭን ጭስ ወይም ጉም የመሰለ ዘይት ይወጣል

በእጅ አትፈልጉ። በጓንትም አትፈልጉ። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል፤ ለዚህ 7 ባር አካባቢ ይበቃዋል፣ የእናንተ ማሽን ደግሞ ሁለት መቶ ባር ይዟል። ካርቶን ወይም እንጨት አሳልፉበት። ከተወጋችሁ ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ብቻ ቢመስልና ባያምም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ግቡ፣ የወጋችሁ የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩ። ቆይቶ የሚመጣ ሰው ጣቱን ያጣል። ማንኛውንም ቱቦ ከመፍታታችሁ በፊት የተነሳው ሁሉ መሬት ይውረድ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ መቆጣጠሪያው እጀታ ወዲያና ወዲህ ይነቅነቅ። ናይትሮጅን ያለበት የግፊት ማጠራቀሚያ ካለ ሞተሩ ጠፍቶም ግፊት ይይዛልና በመጀመሪያ ዘይቱን ወደ ታንክ አፍስሱት።

ሲሊንደሩ ጭነት ተሸክሞ ቀስ እያለ ይወርዳል

ሁሉም ሰው የፒስተኑን ጎሚኒ ይከስሳል። ሁለቱም የዘይት በሮች ከተዘጉ ግን ክሱ አይቆምም። በፒስተኑ አልፎ ወደ ዘንጉ ጎን የሚሾልከው ዘይት ቦታ ይፈልጋል፤ የዘንጉ ጎን ደግሞ ዘንጉ ራሱ ስለያዘው ጠባብ ነው። ዘይቱ መሄጃ አጥቶ ይታፈናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጭነቱም ጥቂት ሰጥሞ ይቆማል። ጭነቱ ሳያቋርጥ መውረዱን ከቀጠለ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ውጭ መንገድ አግኝቷል፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ ኮንትሮል ቫልቩ ውስጥ ስፑል የሚባለው ተንሸራታች ዘንግ ነው። በእርሱና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) የሚቆጠር ነው። የሰው ዓይን 40 ማይክሮን ገደማ ካልሆነ አያይም፤ የቆሸሸ ዘይት የሚቦጭረው ግን ከዚያ ባነሰ ቅንጣት ነው። አዲስ ዘይት ስለተባለ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከበርሜሉም ቢሆን በፊልትሮ አሳልፋችሁ ጨምሩ።

ለመለየት የማሽኑን ግፊት የሚችል መዝጊያ ቫልቭ ጭነቱን በያዘው የሲሊንደሩ በር ላይ አስገቡ፣ ጭነቱን አንስታችሁ ዝጉት። መውረዱ ከቆመ ኮንትሮል ቫልቩ ነው፤ ከቀጠለ ጎሚኒው ተራውን ይጠየቅ። ከጭነቱ ሥር ማንም አይግባ፣ «ለአንድ ሰከንድ» ብሎም አይግባ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ዘይቱ ወተት ከመሰለና አድሮም ካልጠራ ውሃ ገብቷል፤ ቀይሩት፣ የገባበትንም መንገድ ዝጉ። አድሮ ከሥር ወደ ላይ ከጠራ አየር ነበር።

ሲሊንደሩ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ አየር ታፍኖበታል፤ ያለ ጭነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማችሁ አመላልሱት።

ጎሚኒዎቹ አብጠው ከወጡ ዘይቱና ጎማው አይስማሙም፤ አንዳንዴም የፍሬን ዘይት የጨመረ ሰው አለ።

ከኤሌክትሪክ ሥራ በኋላ ፓምፑ ዘይት አልስብ ካለ ሞተሩ በተቃራኒው እየዞረ ነው። ወዲያው አጥፉት፤ ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ሁለቱን አቀያይሩና በፓምፑ ላይ ካለው ቀስት ጋር አመሳክራችሁ እንደገና አስነሱት።