ጎመኑ ለምን ቢጫ ሆነ? የጓሮ አትክልት ችግሮችና ብዙ ወጪ የማይጠይቁ መፍትሄዎቻቸው

በአዲስ አበባ ጠባብ ግቢዎች በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በአጥር ሥር ባለች ቁራጭ መሬት ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ ቤተሰቦች አትክልታቸው ሲታመም ቀድመው የሚያስቡት ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት መግዛትን ነው። እኔ ግን በቤታችን ከደረሰው ተነሥቼ የምመክረው ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጣትን አፈሩ ውስጥ አስገብቶ መመርመርን ነው።

ዘሩ አልበቀለም

የጎመንና የሰላጣ ዘር በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልታየ ምናልባት በጣም ጠልቆ ተቀብሮ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ደቃቅ ዘር ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር ሊጫነው አይገባም። የአፈሩ ገጽ ደርቆ እንደ ቅርፊት ከጠጠረም ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ስለሚያቅተው ስስ ገለባ አልብሶ በቀስታ ማጠጣት ያስፈልጋል። ካሮት እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ ቆርጦ መደቡን መገልበጥ አይገባም። ዘሩ የቆየ ከሆነ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለአንድ ሳምንት ማቆየትና የበቀሉትን መቁጠር ነው፤ ግማሽ ያህሉ ብቻ ከበቀሉ እጥፍ አድርጎ መዝራት ይበቃል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል

ይህ ምልክት ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል። በቅድሚያ መታየት ያለበት ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ነው። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ገርጥተው አዲሶቹ አረንጓዴ ከሆኑና አፈሩም ውኃ ያላቆረ ከሆነ፣ ተክሉ ናይትሮጂን አንሶታል ማለት ነው፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በዙሪያው መጨመር ያድነዋል። ያልበሰበሰ የዶሮ ኩስ ግን ሥሩን ያቃጥላል። አዲሶቹ ቅጠሎች ገርጥተው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ፣ ትል ያርቃል ተብሎ በየጊዜው የተነሰነሰው አመድ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል አመዱን ማቆምና ኮምፖስት መጨመር ይሻላል።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ከጠወለገ ደግሞ ሥሩ አየር አጥቷል። እኛ ቤት ስድስት ጀሪካን ቆስጣ እንዲህ ሲሆንብኝ ዩሪያ ገዝቼ ጨመርኩበት፤ ይብሱን ባሰበት። በመጨረሻ አንዱን ነቅዬ ሳየው ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማና ሙልጭልጭ ሆኗል፣ ሽታውም የረጋ ጭቃ ሽታ ነበር። ስንነጋገር ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ የልጆቹ አያት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያጠጣሉ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ያጠጣሉ፣ እኔም ማታ አጠጣለሁ፤ ጀሪካኖቹ ደግሞ ከሥራቸው አንድም ቀዳዳ አልነበራቸውም። በጋለ ሚስማር የእያንዳንዱን ታች አምስት ስድስት ቦታ በሳናቸው፣ ማጠጣቱም በቀን የአንድ ሰው ኃላፊነት ሆኖ ያጠጣው ሰው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት እንዲያደርግ ተስማማን። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ እርጥበት ካገኘ የዚያ ቀን ውኃ ይቀራል። ሁለቱ ሞቱብን፤ አራቱ ግን በሦስት ሳምንት ገደማ አዲስ ቅጠል አወጡ።

ችግኙ ተቆርጦ አደረ

ደህና አምሽቶ ጠዋት ከአንገቱ ተቆርጦ የወደቀ ችግኝ የቆራጭ ትል ሥራ ነው። ትሉ ቀን ቀን እዚያው አጠገብ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚተኛ በጣት ጫር ጫር አድርጎ መልቀም ይቻላል፤ ይህን ከልጆች የተሻለ የሚሠራው የለም። አዲስ ለሚተከለው ችግኝ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ቀለበት ቆርጦ ግማሹን አፈር ውስጥ በማስገባት ዙሪያውን ማጠር ይበቃል።

ቲማቲሙ ታመመ

በክረምት ቅጠሉ ላይ ውኃ የነካው የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶ፣ በማለዳ ቅጠሉ ሲገለበጥ ከጀርባው ነጭ ሻጋታ ከታየ ምች ነው። ክፉኛ የተያዘው አይድንም፤ ነቅሎ ከግቢ ማስወገድ እንጂ ኮምፖስት ውስጥ መጨመር አይገባም። ድንችም በዚሁ በሽታ ስለሚያዝ ሁለቱን አለማጎራበት፣ ቲማቲሙንም ከባዱ ዝናብ ሲያልፍ በመስከረም መትከል ይመረጣል።

የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ከሰረጎደ ግን ምክንያቱ በሽታ ሳይሆን የውኃው መዛባት ነው፤ አፈሩ ደርቆ ከቆየ በኋላ በአንዴ ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ወደ ፍሬው በአግባቡ አይደርስም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የቧንቧውን ቀን ጠብቆ ከማጥለቅለቅ ይልቅ በጀሪካን አጠራቅሞ በመጠን ማጠጣትና አፈሩን በደረቅ ሣር መሸፈን ያስተካክለዋል።

ወጪው ከምርቱ በለጠ

አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ምክንያት ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራት ወይም ቦታ ይዞ ለወራት የሚቆይ እንደ ቀይ ሽንኩርት ያለ ተክል መምረጥ ነው። ለጠባብ ቦታ ቆስጣን በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት፣ ጎመኑንም ከነሥሩ ሳይነቅሉ የመሐሉን ቀንበጥ ትቶ የውጭ ቅጠሎቹን ብቻ መቀንጠስ ያዋጣል፤ ቀንበጡ ካልተነካ ያው ጎመን ለወራት ደጋግሞ ይቀነጠሳል።