አትሌት አደባባይ ላይ ሲቃወም፦ በክርክራችን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶኑን ሲጨርስ እጆቹን ከጭንቅላቱ በላይ አመሳቀለ። ሁለተኛ ነው የወጣው፤ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ። ሰዓቱን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እጆቹን ግን ማን ይረሳል? በዚያ ዓመት ኦሮሚያ ውስጥ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ያሳዩት የነበረ ምልክት ነው።

አንዱ «ጀግና!» ይላል፣ ሌላው «ስፖርት ላይ ፖለቲካ ምን አመጣው?» ይላል። እኔ ደግ አደረገ ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም ስንከራከር የምንደጋግማቸው ስህተቶች አሉ።

«ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» ብሎ መነሳት

ይህን ለኢትዮጵያ ሯጮች መንገር ይከብዳል። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነበረባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ ተብሎ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች። ምክንያቱ ትልቅ ነበር፣ አልክድም። ግን ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ሁለቱንም በወርቅ ጨረሰ።

የበላይነህ ዲንሳሞ ደግሞ ይብሳል። ሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። አሥር ዓመት ያልተሰበረ ሰዓት ነው። ከአምስት ወር በኋላ የሴኡል ኦሎምፒክ ተካሄደ። የዓለም ፈጣኑ ማራቶኒስት ግን አልነበረም፤ መንግሥት አንሄድም ብሎ ነበር። ሎስ አንጀለስም ላይ እንደዚሁ ቀርተናል።

እንግዲህ መንግሥት የሯጩን ሙሉ ኦሎምፒክ ለፖለቲካ ሲወስድ «ብሔራዊ አቋም» ይባላል። ሯጩ ራሱ ለጥቂት ሰከንድ እጁን ሲያነሳ ነው «ፖለቲካ ገባ» የምንለው። ይህን ሚዛን ማስተካከል አለብን።

ሳያጣሩ ማውራት

«ሜዳሊያቸውን ተነጠቁ» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? በ1968 እ.ኤ.አ. ማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ ባገኘበት በዚያው የሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የ200 ሜትር መድረክ ላይ ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን አነሱ። ከቡድናቸው ተባረሩ። ሜዳሊያቸው ግን አልተወሰደም። የፈይሳም አልተወሰደም።

ፎቶውን እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሁለቱ ጫማ የላቸውም፤ በጥቁር ካልሲ ነው የቆሙት፣ የጥቁሮችን ድህነት ለማሳየት። ስሚዝ ቀኝ እጁን፣ ካርሎስ ግራውን ነው ያነሳው። ካርሎስ ጓንቱን ረስቶ ስለመጣ አንዱን ጥንድ ተካፍለውት ነው። «ተካፈሉት» ያላቸው ፊት ለፊታቸው የቆመው ነጭ አውስትራሊያዊ፣ ፒተር ኖርማን ነው። ብዙ ሰው «ምንም ያልገባው ሰውዬ» ይለዋል። ደረቱን እዩት፤ እነሱ የለጠፉትን የሰብአዊ መብት ንቅናቄ ባጅ እሱም ለጥፏል። አገሩ በሕይወት እያለ አላመሰገነችውም። የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኖርማን በ2006 እ.ኤ.አ. አርፏል። ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት መካከል ስሚዝና ካርሎስ ነበሩ።

ደንቡን በጅምላ መጥቀስ

የኦሎምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ሥፍራ የፖለቲካ ሰልፍ ይከለክላል። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊት ግን ላላ ተደርጓል፦ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ ሐሳብን መግለጽ ተፈቀደ፣ መድረክ ላይ አሁንም ክልክል ነው። በእኔ አስተያየት ዋናው ጥያቄ የሌላውን ሯጭ ውድድር አደናቀፈ ወይ የሚለው ነው። ፈይሳ ማንንም አላደናቀፈም።

የወገን ሲሆን ማጨብጨብ፣ የሌላ ሲሆን መስደብ

ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። የእኛ ሰው ሲያደርገው «የሕዝብ ድምፅ»፣ ከማዶ ያለው ሲያደርገው «አገር አዋረደ»። ከመፍረዳችሁ በፊት የአትሌቱን ስምና ያነሳውን ምልክት ቀይሩና አስቡት። ፍርዳችሁ አብሮ ከተቀየረ ስለ መብት እያወራን አይደለም።

ዝም ያለውን ፈሪ ማለት

ተቃውሞን የምንደግፍ ሰዎች በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስልካችንን ይዘን ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ «እሱስ ለምን እጁን አላነሳም?» ብለን ሯጩን እናብጠለጥላለን። እናቱ ገጠር ናት፤ ወንድሙ በእሱ ሩጫ ነው የሚማረው። የሚመለሰው እዚያው ነው። ዝምታውን ሊነጥቀው የሚችል ሰው የለም፤ እጅ ማንሳት መብት ከሆነ አለማንሳትም መብት ነው።

ፈይሳ እጁን ሲያነሳ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አገር ቤት ነበሩ። ከሪዮ አልተመለሰም፤ አሜሪካ ገባ። ልጆቹን ያቀፋቸው ወደ ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ የካቲት ላይ ማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አገሩን ደግሞ ለማየት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።