የኳርተርባክ ድንቅ አቋም ይዘልቅ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. በ2013 የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) የውድድር ዓመት፣ ማይክል ቪክ በመጎዳቱ በቦታው የገባው የፊላደልፊያ ኢግልሱ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪና የማጥቃቱ መሪ) ኒክ ፎልስ 27 የታችዳውን (ኳሱ የተጋጣሚ የግብ ክልል ሲገባ የሚቆጠር ነጥብ) ኳሶች ሲያቀብል የተጠለፉበት፣ ማለትም ተከላካይ የያዛቸው፣ 2 ብቻ ነበሩ፤ ከ27ቱ ውስጥ 7ቱን ያስመዘገበው ኦክላንድ ሬደርስን በገጠመበት በአንድ ጨዋታ ነው። በ2014 ግን በ8 ጨዋታዎች 13 ታችዳውን አቀብሎ 10 ኳሶች ተጠለፉበት። ሰውየው በአንድ የዕረፍት ወቅት ኳስ መወርወር አልረሳም። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ከችሎታው ሌላ ብዙ ነገር ተቀላቅሎበት ስለነበር፣ አቋም የሚመዝን ሰው ዋና ሥራው የተቀላቀለውን መለየት ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከውርወራ ብዛት ነው። በሊጉ ከ100 ውርወራ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ያህሉ ታችዳውን ይሆናል፤ ከ2 በለጥ የሚለው ደግሞ ይጠለፋል። ፎልስ በ2013 የወረወረው 317 ጊዜ ስለሆነ፣ ከ100 ውርወራ 8.5 ታችዳውንና 0.6 የተጠለፈ ኳስ ይደርሰዋል። ከአማካዩ ይህን ያህል የራቀ ቁጥር ሲታይ እንደሚወርድ አስቀድሞ መጠበቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ታችዳውንን የኳርተርባኩ ክንድ ብቻውን አይወስነውም። ቡድኑ የግብ ክልሉ ለመግባት 1 ያርድ (ከአንድ ሜትር ጥቂት ያነሰ) ሲቀረው አሰልጣኙ ሌላ ተጫዋች ኳሱን ይዞ እንዲሮጥ ካዘዘ፣ ኳሱን እስከዚያ ድረስ ያመጣው ኳርተርባክ ታችዳውን አይመዘገብለትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ ላይ አጭር ውርወራ ከታዘዘ ግን ይመዘገብለታል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው የተጠለፉ ኳሶች ቁጥር ነው። ከዓመት ዓመት እንደ እሱ የሚዋዥቅ መለኪያ ጥቂት ስለሆነ፣ እኔ ቁጥሩን ወደ ጎን ትቼ የጨዋታውን ምስል ደግሜ አያለሁ። ኳሱ ከእጁ እንደወጣ ዓይኔን ከተቀባዩ አንስቼ ወደ ተከላካዩ አዞራለሁ። ተከላካዩ ቀድሞ ደርሶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ኳሱ መዳፉን ከነካ በኋላ አምልጦት መሬት ከወደቀ፣ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው እንደ ማንኛውም ያልተሳካ ውርወራ ነው። በደብተሬ ላይ ግን እንደተጠለፈ አድርጌ እጽፈዋለሁ። በአራት ጨዋታዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት አምስት ኳሶች ከተገኙ፣ ኳስ አያስነጥቅም እየተባለ የሚወደሰው ተጫዋች የዳነው በተከላካዮቹ እጅ መላላት ነው።

በአንድ ውርወራ የሚገኘው የያርድ መጠን፣ በብዙ ውርወራ ላይ የታየ እንደሆነ፣ የተሻለ ይታመናል። የካንሳስ ሲቲው ፓትሪክ ማሆምስ በ2018 በ580 ውርወራ 50 ታችዳውን አቀበለ፤ በ2019 ያቀበለው 26 ብቻ ነው። በጉዳት ሁለት ጨዋታ መቅረቱ ቢታሰብለት እንኳ ውድቀቱ ትልቅ ይመስላል። በአንድ ውርወራ ያገኘው ግን ከ8.8 ወደ 8.3 ያርድ ብቻ ዝቅ አለ፤ በዚያው የውድድር ዓመትም ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አሸነፈ። የፎልስ በአንጻሩ ከ9.1 ወደ 7.0 ወረደ። ያ 9.1 የተገኘው በጥቂት ውርወራ፣ ተጋጣሚዎች ገና ባልተላመዱት የአሰልጣኙ የቺፕ ኬሊ ፈጣን አጨዋወት፣ በሩጫ ሊጉን ከመራው ከላሾን ማኮይና ረጅም ኳስ ላይ ከሚደርሰው ከዲሾን ጃክሰን ጋር ነበር። ጃክሰን በማርች 2014 ከቡድኑ ተሰናበተ። እንግዲህ ኳርተርባኩን ስንመዝን በዙሪያው ማን እንደቆመና ማን እንደሚቀር አብረን መጠየቅ አለብን። (ፎልስ በፌብሩዋሪ 2018 ከዚያው ክለብ ጋር የሱፐር ቦውል ኮከብ መባሉን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን እበድለዋለሁ።)

ተከላካዮች ከበውት እያመለጠ የሚወረውራቸው ኳሶች ዓይን ይስባሉ፤ ሆኖም ማንም ሳይደርስበት፣ እግሩን ተክሎ የሚወረውራቸው ስለ መጪዎቹ ሳምንታት የበለጠ ይናገራሉ።

የቀደመ ታሪክም ክብደት አለው። ራያን ፊትዝፓትሪክ በ2018 ለታምፓ ቤይ በተከታታይ ሦስት ጨዋታዎች ከ400 ያርድ በላይ ሲወረውር ዕድሜው 35 ነበር፤ ከኋላው ከ4,000 በላይ ውርወራ ነበረው። በሦስተኛው ጨዋታ 3 ኳሶች መጠለፋቸው ምልክት ነበር፤ በአራተኛው፣ ቺካጎ ላይ፣ ከዕረፍት በኋላ ቦታውን ለጄሚስ ዊንስተን ለቀቀ። የሦስት ሳምንት ብቃት የብዙ ዓመት ማንነትን የሚለውጠው እምብዛም ነው።

የሚለውጥበት ጊዜ ግን አለ፤ ይህም ተጫዋቹ ወጣት ሲሆንና ለለውጡ የሚታይ ምክንያት ሲኖር ነው። የቡፋሎው ጆሽ አለን በ2018 ከ100 ውርወራ የተሳካለት 52.8 ነበር፤ በ2019 58.8 ደረሰ። ከ2020 በፊት የአወራወር ስልቱን አርሞ፣ ስቴፎን ዲግስ የተባለ ጠንካራ ተቀባይም መጥቶለት 69.2 አደረሰው። በ2021 ወደ 63.3 ዝቅ አለ፤ ወደ 58ቱ ግን አልተመለሰም።