የናሮውቦት ሞተር ሲግል፦ የስኪን ታንኩን አየር አስወጡ

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ወጥተን በግራንድ ዩኒየን ቦይ ከለንደን ወደ በርሚንግሃም በናሮውቦት፣ ማለትም ለቦይ በተሠራ ጠባብና ረጅም ጀልባ፣ እየሄድን ነው። ብራውንስተን አካባቢ ሞተሩ መጋል ጀመረ። ቀስ ብለን ስንሄድ ደህና ነው። ፍጥነት ስንጨምር ግን ጌጁ 100 ዲግሪ ይነካል።

ቴርሞስታት ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ቺንጋውን አጠበቅን፣ የውሃ ፓምፑን አየን፤ ምንም አልሆኑም። ፕሮፔለሩ ላይ ላስቲክ ተጠምጥሞ ይሆናል ብለን ሞተር አጥፍተን፣ የኋላውን መክደኛ ከፍተን በእጅ ዳሰስን። ብርዱ ብቻ ተረፈን።

ነገሩ ወዲህ ነው። አብዛኞቹ ናሮውቦቶች የመኪና ዓይነት ራዲያተር የላቸውም። የሞተሩ ውሃ ከጀልባው ብረት ጋር በተበየደ ጠፍጣፋ ታንክ ውስጥ ይዞራል፤ የሚያቀዘቅዘው ውጭ ያለው የቦዩ ውሃ ነው። ስኪን ታንክ ይሉታል። አናቱ ላይ አየር ከታፈነ ያ ክፍል ሥራ ፈት ነው። የእኛን ስንነካው ታች ትኩስ፣ ላይ ቀዝቃዛ!

ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ ከከፈታችሁት ያቃጥላል። ከዚያ አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በ13 ቁልፍ ላላ አደረግናት። አየሩ ፉሽ ብሎ ወጣ። ውሃ ብቻ መንጠባጠብ ሲጀምር አጠበቅናት፣ የጎደለውን በአንቲፍሪዝና በውሃ ሞላን። አስነስተን፣ አቀዝቅዘን አንዴ ደገምነው፤ ትንሽ አየር ቀርቶ ነበር።

ሃተን በሚባለው ቦታ ያሉትን 21 ሎኮች (ጀልባን ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚያደርጉ የቦይ በሮች) ወጥተናል። ጌጁ ከ80 ብዙም አያልፍም።