ድምሩ አልገናኝ ሲል፦ የትኛው ፋንክሽን የት ይገባል?

ድሬዳዋ ውስጥ ልብስና ሸቀጥ ለሚያከፋፍል ነጋዴ ሪፖርት እሠራለሁ። ከዚራ፣ መጋላና ሳቢያን ሱቅ አለው። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር መጀመሪያ የሚያየው ፓወር ቢአይ (Power BI) በሚባለው የሪፖርት ፕሮግራም ላይ የሠራሁለትን ገጽ ነው። ምን ዕቃ ይግባ፣ ለማን ዱቤ ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው በዚያ ቁጥር ተማምኖ ነው። ቁጥሩ ሲሳሳት የሰው ገንዘብ ይባክናል።

ክፋቱ ደግሞ፣ ፋንክሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ዝግጁ ቀመር፣ ያለቦታው ሲገባ ፕሮግራሙ ተሳስታችኋል ብሎ አይነግራችሁም። ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩም ልክ ይመስላል። ስለዚህ ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ እያንዳንዱ ረድፍ ልክ ነው፣ ጠቅላላው ግን ሰማይ ነክቷል

ዋጋን በሰም (SUM፣ ደማሪው ፋንክሽን)፣ ብዛትንም በሰም ደምራችሁ አባዝታችኋል ማለት ነው። 3 ሽርጥ በ200 ብር፣ 5 ሻሽ በ100 ብር ተሸጠ እንበል። እጅ የገባው 600 እና 500፣ በድምሩ 1,100 ብር ነው። ሰም ግን መጀመሪያ ብዛቱን 8፣ ዋጋውን 300 ያደርገዋል። ሲባዛ 2,400 ይመጣል። ረድፉ ላይ አንድ ሽያጭ ብቻ ስላለ ስህተቱ አይታይም። የሚጋለጠው ጠቅላላው ላይ ነው።

መፍትሄው ሰም ኤክስ (SUMX) ነው። እሱ በየረድፉ እየሄደ ዋጋን በብዛት ያባዛል፣ መጨረሻ ላይ ይደምራል።

ምልክት፦ የትርፉ ፐርሰንት ከካዝናው ጋር አይገናኝም

ከዚራ 100,000 ብር ሸጦ 20,000 አተረፈ፤ 20 ፐርሰንት ነው። ሳቢያን 10,000 ሸጦ 4,000 አተረፈ፤ 40 ፐርሰንት። አቨሬጅ (AVERAGE፣ አማካይ አውጪው) ካደረጋችሁት 30 ይላል። እውነተኛው ግን 24,000 ለ110,000 ሲካፈል ነው፤ ወደ 21.8 ፐርሰንት። ፐርሰንትን አቨሬጅ አታድርጉ። ጠቅላላ ትርፍን ለጠቅላላ ሽያጭ አካፍሉ፣ ማካፈሉንም በዲቫይድ (DIVIDE) አድርጉት። ሽያጩ ዜሮ በሆነበት ቀን ባዶ ትቶ ያልፋል።

ስለ አቨሬጅ አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ቦታን ይዘለዋል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ሱቁ የተዘጋበት ቀን ላይ ዜሮ ከተጻፈ አማካዩ ይወርዳል።

ምልክት፦ ደንበኞቻችን ከምናውቃቸው በላይ በዙ

መጀመሪያ ካውንት (COUNT) ተጠቅማችሁ እንደሆነ እዩ። እሱ የሚቆጥረው ሽያጩን እንጂ ሰውን አይደለም። አንድ ሰው አሥር ጊዜ ከገዛ አሥር ይላል። የተደጋገመውን አንዴ ብቻ የሚቆጥረውን ዲስቲንክት ካውንት (DISTINCTCOUNT) አድርጉት።

እኛ ግን ዲስቲንክት ካውንትም አድርገን ቁጥሩ አልወርድ አለን። ከካሸሯ ጋር ተቀምጠን ዝርዝሩን አንድ በአንድ አየነው። አንድ ቦታ «ጸሐይ ሱቅ»፣ ሌላ ቦታ «ፀሐይ ሱቅ»፣ ታች ወርዶ «ፀሀይ ሱቅ» የሚል አገኘን። አንዲት የመጋላ ደንበኛችን ሦስት ሰው ሆና ነበር! ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያየ ፊደል ነው። በፊደል ተራ ጸ እና ፀ ተከታታይ ናቸው፤ ስሙን በተራ ብታወጡት ይቀራረባሉ።

ጊዜያዊ መፍትሄው ፓወር ኩዌሪ (የፓወር ቢአይ የመረጃ ማጽጃ ክፍል) ላይ ፊደሉን ወደ አንድ ማምጣት ነው፦ ፀን ወደ ጸ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሁሉንም ቀይሩ፤ ሀ እና ሃንም አትርሱ። ዘላቂው መፍትሄ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ኮድ ሰጥቶ፣ ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዞ በእሱ መቁጠር ነው። ደግሞ ዲስቲንክት ካውንት ባዶውንም እንደ አንድ ደንበኛ ይቆጥራል። ባዶውን ለመተው ዲስቲንክት ካውንት ኖ ብላንክ አለ።

ምልክት፦ መጋዘኑ የማይችለው ዕቃ ሪፖርቱ ላይ አለ

ቀሪ ዕቃ በየቀኑ ይመዘገባል። 40 ጆንያ ሩዝ ሳይነካ 30 ቀን ከተቀመጠ ሰም 1,200 ይላል። ቀሪ ነገር በሱቅ ይደመራል፣ በቀን አይደመርም። ስሌቱን በመረጣችሁት ሁኔታ በሚያጠበው በካልኩሌት (CALCULATE) ውስጥ ላስት ዴት (LASTDATE) አስገብታችሁ የመጨረሻውን ቀን ብቻ ውሰዱ። በዚያ ቀን ምዝገባ ከሌለ ባዶ ይመጣል፤ ያኔ ባዶ ያልሆነውን የመጨረሻ ቀን የሚፈልገው ላስት ኖን ብላንክ (LASTNONBLANK) ይሻላል።

ምልክት፦ የዓመቱ ድምር ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ከዜሮ ይጀምራል

ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሚደምረው ቶታል ዋይ ቲ ዲ (TOTALYTD) ካልነገራችሁት ዓመቱን በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ይዘጋዋል። የእኛ የበጀት ዓመት የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 7። ስለዚህ የዓመት መዝጊያው ቦታ ላይ 7/7 ብላችሁ ጻፉ። ወርና ቀኑ አንድ ቁጥር ስለሆነ የትኛው ይቅደም የሚል ጣጣ እንኳ የለውም።

ወሩ ግን በዚህ አይስተካከልም። የተለመደው መንዝ (MONTH) ፋንክሽን የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው። የቀን ሰንጠረዥ ሠርታችሁ ለእያንዳንዱ ቀን የኢትዮጵያውን ወርና ዓመት ጻፉበት፣ ከጎኑም ከ1 እስከ 13 መደርደሪያ ቁጥር ይኑር። ያለዚያ ወሮቹ በፊደል ተራ ይሰለፉና ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። ጳጉሜንም ከነሐሴ ጋር በድምር አታወዳድሩ። 5 ወይም 6 ቀን ከ30 ቀን ጋር እኩል አይቆምም፤ ሽያጩን ለቀኑ ብዛት አካፍላችሁ የቀን አማካዩን አስቀምጡ።