ሣር የወረሰውን ኤንትሬ መልሶ ማስነሳት እንዴት ይቻላል?

ከጋራዡ ጀርባ አሮጌ የጣሊያን ከባድ መኪና፣ ኤንትሬ፣ ቆሟል፤ ሣሩ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ) ደርሷል። ጋቢናው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥላለች። ባለቤቱ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ "ሞተሩ ሰላም ነው ልጄ፣ ባትሪ ብቻ ነው የጎደለው" አሉኝ። ይህን የማይል ሻጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ባትሪ ይዞ ሮጦ የመጣ ሰው ግን ሞተር ሰብሮ ሲመለስ አይቻለሁ። ስለዚህ ባትሪውን ለጊዜው እርሱት።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ እወቁ

እኛ አገር አሮጌ የጣሊያን ከባድ መኪና ሁሉ ትሬንታ ኳትሮ ወይም ኤንትሬ ይባላል። ሁለቱም ግን የሞዴል ስሞች ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ ሠላሳ አራት ማለት ነው፤ ፊያት 634 ኤን። እ.ኤ.አ. በ1931 ወጥቶ እስከ 1939 ተመረተ። "ኤን" የምትለዋ ፊደል ናፍታ፣ የኛው ናፍጣ ናት። ኤንትሬ ደግሞ ኤን ሦስት ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው የፊያት 682 ዘር ነው። በኤን ፈንታ "ቲ" ካለ ትራቶሬ ነው፤ ተጎታች እንዲስብ የተሠራ።

በዓይን መለየቱ ቀላል ነው። 634 ሞተሩ ከጋቢናው ፊት፣ ረጅም ኮፈን ሥር ነው። 682 አፍንጫ የለውም፤ ሾፌሩ ከሞተሩ ጎን ይቀመጣል። ረጅም ኮፈን ስላያችሁ ብቻ ግን 634 ነው አትበሉ። ላንቻ "ትሬ ሮ" የሚባለው ሌላ የጣሊያን ከባድ መኪናም እንደዚያው ነው። ያኔ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከፖምፓው (ናፍጣ ገፊው) ወደ ኢንጄክተሮቹ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ቁጠሩ። አምስት ከሆኑ ላንቻ ነው፣ ስድስት ከሆኑ ፊያት። የ634 ሞተር ስድስት ሲሊንደርና 8.3 ሊትር ሆኖ ጉልበቱ 75 ፈረስ ብቻ ነበር። ዛሬ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና የምታወጣው ማለት ነው። የመጀመሪያው 682 ደግሞ ከ10 ሊትር ሞተሩ 140 አካባቢ ያወጣ ነበር።

አንድ ወጥመድ አለ። መሪው በቀኝ የሆነ ፊያት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ "ይሄማ በግራ በምንነዳበት ዘመን የገባ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ግን ጣሊያኖች ራሳቸው በቀኝ እየነዱም የከባድ መኪናቸውን መሪ ለረጅም ጊዜ በቀኝ ያደርጉ ነበር። በተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ነው። ሊማሊሞን ወይም ጣርማ በርን የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ በመሪ ዕድሜ አትገምቱ።

ዕድሜ የሚነገረው በቁጥር ነው። የሻንሲውን ቁጥር ሻንሲው ላይ፣ የሞተሩን ቁጥር ብሎኩ ላይ ፈልጉ። ዝገቱን በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፤ ግራይንደር ግን እንዳታስጠጉ። ቁጥሩ አብሮ ይሄድና ሊብሬው ከመኪናው ጋር የማይገናኝ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከተጠረገ በኋላ ጠመኔ እሹበትና በመዳፋችሁ አብሱት። ጠመኔው በቁጥሩ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ነጭ ሆኖ ይነበባል።

ሁለቱን ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ሞተሩ የሌላ መኪና ሆኖ ቢገኝ አይድነቃችሁ፤ እነዚህ መኪናዎች በሕይወታቸው ሁለትና ሦስት ሞተር ቀይረዋል። ዕቃ ስትገዙ ግን በጋቢናው ሳይሆን በሞተሩ ቁጥር ግዙ። እኔ አንድ ጊዜ በመልኩ ብቻ አምኜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሐል የሚገባውን መዝጊያ፣ ገዛሁ። ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። ሻጩም "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለኝ። ጓርኒሲዮኑ እስካሁን ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ከመፍታት በፊት

ሁሉንም ነገር በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ የሽቦና የቱቦ አካሄድ። ብሎኑን ከየት እንደፈታችሁት ጽፋችሁ በየጣሳው ለዩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከስድስት ወር በኋላ ራሳችሁን ታመሰግናላችሁ።

ሞተሩን ሳያስነሱ መመርመር

ከዘይት እንጀምር፤ እኔ የምወደው ሥራ እሱ ነው። ከሞተሩ ሥር ያለውን የኮፓ (የዘይት መያዣው) ማፍሰሻ ብሎን በቀስታ አላሉት። ሙሉ በሙሉ አትንቀሉት። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ሥር ይቀመጣል፣ ቀድሞም ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በነጭ ብርጭቆ ተቀበሉ። ጥርት ያለ ውኃ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ ወደ ውስጥ አፍስሶ ሊሆን ይችላል።

ከየት እንዳፈሰሰ ለማወቅ ሳትከፍቱ አንድ ሙከራ አድርጉ። ዘይቱን ጨርሳችሁ አፍስሱና ማፍሰሻውን ክፍት ተዉት። ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ራዲያተሩን ውኃ ሙሉና እደሩ። ጠዋት ካርቶኑ ከረጠበ ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም። በብዙ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች ፒስተኑ የሚሮጥበት እጅጌ በውኃ የተከበበና ተነቃይ ነው። ከታች የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ነው፤ ጎማ ደግሞ ዓመታት ሲቆም ይደርቃል። ለውጡ ውድ አይደለም፣ ግን ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ወደ ማላቀቅ ሂዱ። ኢንጄክተሮቹን ንቀሉ። በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ሲኒ የናፍጣና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ድብልቅ ጨምሩ። ከዚያ ተዉት። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ሳምንት። ይህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ይነካና የደረቀው የፒስተን ቀለበት ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። በኋላ ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በረጅም ብረት ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ነቅንቁት። ከመጣ በቀስታ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። በድንገት ድርቅ ብሎ ከቆመ አታስገድዱ። የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱ፤ አንዱ ቫልቭ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ተጣብቆ እያለ የዞረ ሞተር የቫልቭ ዘንግ ያጎብጣል።

ናፍጣውና የመጀመሪያው ጭስ

ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንኩን) አውርዳችሁ እጠቡት። ውስጡ ያለው ናፍጣ ሳይሆን ጭቃ ነው። ማጣሪያውን ቀይሩ፣ ኢንጄክተሮቹንም መልሳችሁ ግጠሙ። አየር የምታስወጡት ከማጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ፖምፓው፣ ከዚያ ወደ ኢንጄክተሮቹ ነው። የእጅ ፖምፓውን እየተጫናችሁ አረፋ እስኪጠፋ ጠብቁ። ኢንጄክተር የሚረጨውን በእጃችሁ አትሞክሩ። ግፊቱ ቆዳ ይበሳል፣ ናፍጣ ደም ውስጥ ይገባል። ቀልድ አይደለም፤ እጅ ያስቆርጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ለዓመታት የቆመ ፖምፓ ውስጥ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ዘንግ ሙሉ እንደተከፈተ ሊጣበቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ሞተር ከተነሳ አይቆምም። ናፍጣ ሞተር ሻማ ስለሌለው ቁልፍ መዝጋት አያጠፋውም። ፍጥነቱን እየጨመረ ሄዶ ራሱን ይበታትናል። ስለዚህ መጀመሪያ የማጥፊያውን ዘንግ በእጅ ሳቡት፤ ለስለስ ብሎ ሄዶ መመለስ አለበት። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን አንሱና የአየር መግቢያውን ሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ጣውላ አዘጋጁ። አንድ ሰው ጣውላውን ይዞ እዚያው ይቁም። ሞተሩ ካበደ አየሩን ይዘጋበታል። ጨርቅ አይሆንም፣ እጅም አይሆንም፤ ይስበዋል።

አሁን ማፍሰሻውን ዘግታችሁ አዲስ ዘይት ሙሉ፤ ባትሪውም ተራው ደርሷል። ሞተሩ ሲነሳ ዓይናችሁ ከጭሱ በፊት የዘይት ግፊት መለኪያው ላይ ይሁን። ግፊቱ በአሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ካልወጣ ሞተሩን አጥፉት። ጭሱ ነጭ ሆኖ ሲሞቅ ከጠፋ ደህና ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል።

ፍሬንና ጎማ

ሞተር ሲነሳ ሰው ሁሉ መንዳት ያምረዋል። ፍሬን የሌለው ብዙ ቶን ብረት ግን አጥርም ሰውም አይለይም። የፍሬኑን የአየር ቱቦዎችና ከጎማ የተሠሩ ክፍሎች ሁሉ ቀይሩ። ታምቡሩን ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል። በውኃ አርጥባችሁ ጥረጉ።

ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ጎማውን በብረት ቀለበት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ዳዶውን (ማሰሪያ ብሎኑን) ከመንካታችሁ በፊት ጎማውን ጨርሳችሁ አስተንፍሱ። መልሳችሁ ስትነፉም በሰንሰለት ጠፍራችሁ፣ ረጅም ቱቦ ይዛችሁ፣ ከጎን ቁሙ። ያ ቀለበት ሲወረወር ጣሪያ ይበሳል።

ዕቃና ቀለም

አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያጣችሁትን ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት መሐል ልታገኙት ትችላላችሁ፤ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ በስም አትጠይቁ። የወረቀት ጓርኒሲዮን ራሳችሁ ቆርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የቴስታታውን ግን አትሞክሩት።

ቀለም መጨረሻ ነው። ከቻላችሁ አትቸኩሉበት። እኛ የጋቢናውን ግንባር በናፍጣ ጨርቅ ስንጠርግ፣ ከሁለት ቀለም ሥር በእጅ የተጻፈ "ቀስ በል ወንድሜ" ብቅ አለ። ሽማግሌው አዩትና ሳቁ። "እኔ ነኝ ያስጻፍኩት፣ ደሴ" አሉ። እሱን ሳንነካ ዙሪያውን ቀባን። ዶሮዋ ግን ተቀይማ ጎጆዋን ወደ ተሳቢው አዛውራለች።