የኤልፎርአርኢ ማስነሻ ሞጁሎችን ሲያዋቅሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤልፎርአርኢ የተባለው ስርዓተ ክወና የሚሠራበት ፊያስኮ ማይክሮከርነል (እጅግ አስፈላጊውን ሥራ ብቻ የያዘ ከርነል) ነውና በውስጡ ፋይል ሲስተምም ሆነ የዲስክ ድራይቨር የለውም። ሲነሳ ያለው ግራብ የተባለው ማስነሻ ፕሮግራም ሜሞሪ ላይ የጫነለት ፋይል (ሞጁል) ብቻ ነው። ሊኑክስ የለመደ ሰው ይህን ይዘነጋና ፋይሉ ዲስኩ ላይ እያለ «አልተገኘም» ሲባል ግራ ይገባዋል።

የማስነሻ ስክሪፕቱን መርሳት። ሄሎ የሚባለውን ቀላል ናሙና ለማስነሳት እንኳ ቡትስትራፕ (ግራብ መጀመሪያ የሚያስነሳው)፣ ፊያስኮ፣ ሲግማ ዜሮ (የመነሻ ሜሞሪ አስተዳዳሪው)፣ ሞ (ሌሎቹን የሚያስጀምረው ዋና ፕሮግራም)፣ ኤልፎርአርኢ የሚባለው ፋይል፣ ኔድ (ፕሮግራሞችን በስክሪፕት መሠረት የሚያስነሳው)፣ በሉዋ ቋንቋ የተጻፈ የኔድ ስክሪፕትና ራሱ ሄሎ ያስፈልጋሉ። ስክሪፕቱ በግራብ ፋይሉ የሞ መስመር ላይ ስለተጠራ ብቻ አይጫንም፤ ለብቻው ሞጁል ሆኖ መመዝገብ አለበት። የግራብ ፋይሉን በእጅ ከጻፉት ከቡትስትራፕ ቀጥሎ ፊያስኮን፣ ሲግማ ዜሮንና ሞን በዚሁ ቅደም ተከተል ያስፍሩ።

ግራብ 2 ላይ ስሙን አለመድገም። ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ይህ ነው። የድሮው ግራብ የፋይሉን ዱካ ከትዕዛዝ መስመሩ ጋር አብሮ ያስተላልፍ ነበር፤ ግራብ 2 ግን ከዱካው በኋላ የተጻፈውን ብቻ ያስተላልፋል። ሞ ደግሞ ሞጁሉን የሚሰይመው ከዚያ መስመር ነው። ስለዚህ ከዱካው ቀጥሎ ስሙን ካልደገሙት ሞጁሉ ይጫናል፣ ግን ስም አልባ ይሆናል፤ ኔድም ፈልጎ አያገኘውም። የሞ መስመር ላይ ሲሆን የባሰ ነው፦ የስክሪፕቱ ዱካ እንደ ፕሮግራም ስም ይቆጠርና ኔድ ያለ ስክሪፕት ይነሳል። ለማጣራት ሲሪያል ኮንሶሉን ይመልከቱ፤ ሞ ሲነሳ ቡትኤፍኤስ በሚሉ መስመሮች የእያንዳንዱን ሞጁል አድራሻና ስም ይዘረዝራል። እዚያ ያልታየ ስም በስክሪፕቱ ቢጠራ ዋጋ የለውም። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልም ይለያያል።

የመልቲቡት (ግራብ ከርነልና ሞጁል የሚጭንበት ስልት) 1 እና 2 ትዕዛዞችን መቀላቀል። ከርነሉ በአንዱ ከተጫነ ሞጁሎቹም በዚያው ይጫኑ።

ላይብረሪዎችን መተው። ፕሮግራሙ በዳይናሚክ ሊንክ (ላይብረሪዎቹን ሲነሳ በሚጭን መልክ) ከተሠራ ሊንከሩም እያንዳንዱ ላይብረሪም ሞጁል መሆን አለባቸው። የሚፈልጋቸውን ሪድኤልፍ የተባለው መሣሪያ ይዘረዝርልዎታል። ለሙከራ ያህል ግን በስታቲክ ሊንክ (ላይብረሪዎቹን በውስጡ ይዞ) መሥራት ይቀላል።

ሜሞሪን አለማስላት። ኮምፒውተርን የሚያስመስለው ኪውኢሙ ካልተነገረው በቀር የሚሰጠው 128 ሜጋባይት ነው፤ የዲበግ መረጃ የተሸከሙ ፋይሎች ሲደመሩ ይህን በቀላሉ ያጣብቡታል። ይህን መረጃ በሚያስወግደው ስትሪፕ ያቅልሏቸው፣ ወይም የኪውኢሙን ሜሞሪ ወደ 512 ሜጋባይት ያሳድጉ። ሞጁሎቹ የሚያርፉበት አድራሻ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ከከርነሉ ወይም ከሞ ቦታ ጋር ይጋጫል።